ጥቁሩን እይ

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ቀለሙ ተበላብኝ!» አለኝ ወዳጄ ገና ከመቀመጤ። የሚኖረው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ነው፤ አሮጌዎቹ ባለ ግቢ ቤቶች እየፈረሱ ፎቅ በሚተከልበት ሰፈር፣ ኦታያ መንገድ አጠገብ። የሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። «ኤዲት ሳደርግ የቀሚሱ ጥለት ደማቅ ቀይ ነበር። ኤክስፖርት አድርጌ ስከፍተው ገረጣ። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ እንኳ ያረጀ ይመስላል። ኮምፕሬስ መደረጉ ነው አይደል?»

«አይመስለኝም» አልኩት። ቪዲዮውን የሚጨምቀው ኤች 264 ቀለም መቆጠቡ እውነት ነው፤ ለአራት ፒክስል አራት የብርሃን መጠን ሲመዘግብ ቀለሙን የሚመዘግበው አንዴ ነው። ጉዳቱ ግን የሚታየው ቀጭኑ ጥለት ዳር ላይ ነው፤ ቀዩ ወደ ነጩ ጨርቅ ይፈስሳል። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከገረጣ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ደህና ነው፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው።

«እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?»

«ያወጣኸውን ፋይል መልሰህ ታይምላይኑ ላይ አስገባው፤ ከዋናው በላይ ደርበህ የብርሃንና የቀለም መለኪያውን፣ ስኮፑን፣ ተመልከት።»

አስገባ። ሁለቱ አንድ ሆኑ። ፋይሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

«እንግዲህ ጥቁሩን እይ» አልኩት። ሲኒማ እንዲመስል ብሎ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር አድርጎበታል፤ ከዚያ የተሻለ መመርመሪያ የለም። መስመሩ ራሱ ግራጫ ከሆነ ችግሩ የቁጥሩ ስፋት ነው። ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ያውቃል፤ የቴሌቪዥን ቪዲዮ ግን ጥቁሩን 16፣ ነጩን 235 ላይ ያስቀምጣል። ማጫወቻው ወይም የግራፊክስ ካርዱ 16ን ወደ 0 ሳይመልስ እንዳለ ካሳየው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ነጩም ይደክማል። መፍትሔው ፉል እና ሊሚትድ የሚሉትን ምርጫዎች ከካርዱም ከማጫወቻውም ማስተካከል ነው።

«መስመሩ ግን ጥቁር ነው» አለ ጠጋ ብሎ። «የነጣው ፊቱና የሱፉ እጥፋት ነው።»

«እሱ ጋማ ይባላል፤ በጥቁርና በነጭ መሐል ያለው ብርሃን አወጣጥ ነው። የምታየው ማክ ላይ፣ በኩዊክታይም አይደል?»

ነገሩ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የኤችዲ ቴሌቪዥን ደረጃ፣ ሬክ 709፣ ካሜራው ብርሃንን እንዴት እንደሚመዘግብ ደነገገ እንጂ፣ ስክሪኑ እንዴት ያሳይ የሚለውን ክፍት ተወው። ለቴሌቪዥን 2.4 የሚለው ጋማ ቢቲ 1886 በተባለው ደረጃ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኩዊክታይም ያንኑ ፋይል ወደ 1.96 በሚጠጋ ጋማ ያነበዋል። ንጹሕ ጥቁርና ንጹሕ ነጭ ቦታቸውን ይዘው መሐሉ ሁሉ ይነጣል። ስለዚህ ፕሪሚየር ውስጥ የእይታ ጋማውን 1.96፣ 2.2 ወይም 2.4 አድርጎ መምረጥ ይቻላል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ደግሞ ለማክ ተመልካች ሬክ 709-ኤ የሚል መለያ አለው።

«እኔ እኮ ሳቹሬሽኑን ጨምሬ፣ ምስሉንም አጨልሜ ልገላገል ነበር።»

«በፍጹም እንዳታደርገው!» ከምሬ ነው የተናገርኩት። ለአንድ ማጫወቻ ተብሎ የጨለመ ቪዲዮ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ሲከፈት የሙሽራዋ ፊት ይጠቁራል፣ የጥለቱ ቀይ ዝርዝሩ ይጠፋል። ጤነኛ ፋይል በገዛ እጅ ማበላሸት ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ ያን ቪዲዮ ዕድሜ ልኩን ነው የሚያስቀምጠው።

እንግዶች በስልክ ቀርጸው የሰጡትንም ለይቶ እንዲያይ ነገርኩት። አይፎን ከ12 ጀምሮ ሰፊ የብርሃን መጠን በሚይዘው ኤችዲአር ይቀርጻል፤ ወደ ሬክ 709 በአግባቡ ሳይቀየር ከካሜራው ምስል ጋር ከተቀላቀለ፣ አንዴ ይነጣል አንዴ ያንጸባርቃል።

«ስንቱን ስክሪን ላስደስት ታዲያ?»

ሁሉንም አይችልም። ሥራውን አንድ ደረጃ ላይ ያቁም፤ ከዚያ የሙሽራዋ እናት በምታይበት ዓይነት ስልክና በአንድ ተራ ቴሌቪዥን ይሞክረው። ሲልከው ደግሞ ቴሌግራም ላይ በፋይል ይላከው፤ በቪዲዮ ከላከው እንደገና ይጨመቃል።