በቁጥር የፈረድንባቸው ሰው

ዛሬ የምጽፈው አይፒ አድራሻ ስለሚባለው ነገር ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከምርጫ 97 ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ እዚህ አሜሪካ የአንድ የድጋፍ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። አንድ ቀን ስሙን የደበቀ ሰው ገንዘብ ያዣችንን በሌብነት የሚከስ ኢሜይል ለሁላችንም በተነ። ጸሐፊው በዝግ ስብሰባ የተነጋገርነውን ሁሉ ያውቃል። «ሰርጎ ገብ አለ!» ተባለ። ኮምፒዩተር እችላለሁ የሚል አንድ ወንድማችን ከኢሜይሉ ጋር ተሸሽጎ የሚመጣውን የጉዞ መዝገብ ከፍቶ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አወጣ። ቁጥሮቹን አንድ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባቸው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች የአንዲት ከተማ ስም መጣ። ከአባሎቻችን በዚያች ከተማ የሚኖሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ፣ በደርግ ጊዜ በእስር የማቀቁ ሰው። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ከኮሚቴው እንዲታገዱ ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ልጄ ኮሌጅ ገብቶ ይህን ታሪክ ስነግረው ሳቀብኝ። ያች ከተማ ኢንተርኔት የሚሸጥልን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረባት ናት። በዚያን ጊዜ የኩባንያው ደንበኛ ከካሊፎርኒያም ይጻፍ ከቴክሳስ፣ ቁጥሩ ሲመረመር የሚመጣው ቨርጂኒያ ነበር። ከኮሚቴያችን ግማሾቻችን የዚያው ኩባንያ ደንበኞች ነበርን። የእኔም ቁጥር ቢመረመር ኖሮ እዚያው ይወስድ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? አገር ቤት ሳለን ደብዳቤ እንዴት እንቀበል እንደነበር አስታውሱ። ቤታችን ድረስ የሚመጣ ፖስተኛ ስላልነበረ የአባታችንን መሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤታችንን የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንሰጥ ነበር። በዚያ በአንድ ቁጥር መቶ ሰው ደብዳቤ ይቀበላል። ቁጥሩን ያየ ሰው የየትኛው መሥሪያ ቤት ሣጥን እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል፤ ደብዳቤው የየትኛው ሠራተኛ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሣጥኑን ከፍቶ የሚያድለው ሰው ነው። አይፒ አድራሻም እንዲሁ ነው። የምንከፍተው ድረ ገጽ መልሱን የሚልክበት አድራሻ ስለሚያስፈልገው፣ በከፈትነው ጊዜ ሁሉ ቁጥራችንን ያያል። በዚያ ቁጥር በዚያ ሰዓት የተጠቀመው ማን እንደሆነ በመዝገቡ የያዘው ግን መስመሩን የሸጠልን ኩባንያ ነው።

ነባሩ አድራሻ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ አራት ቁጥሮች ያሉት ሲሆን፣ ከዚህ የሚወጣው 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ብቻ ነው። ለዓለም ሕዝብ ስለማይበቃ ዓለም አቀፉ ክምችት በ2011 ተሟጠጠ። ረዘም ያለ አዲስ ዓይነት አድራሻ ሥራ ላይ ቢውልም፣ ዛሬም በተለይ በሞባይል ስልክ ብዙ ሰዎች አንዱን ቁጥር ይጋራሉ። የብዙዎቻችን የቤት መስመር ቁጥርም በየጊዜው ይለዋወጣል። ቁጥሩን ተቀብለው ከተማ የሚነግሩን ድረ ገጾችም የሚሠሩት በግምት ነው። አንድ የታወቀ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ መሆናቸውን እንጂ የት እንደሆኑ ላላወቃቸው ቁጥሮች በካርታው ላይ የአገሪቱን መካከል ምልክት አድርጎላቸው ነበር። ምልክቱ ያረፈው ካንሳስ ውስጥ በሚገኝ አንድ እርሻ ላይ ነው። በ2016 ጉዳዩ ይፋ ሲወጣ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ የተከመሩት ቁጥሮች ከ600 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የእርሻው ነዋሪዎች በማያውቁት ወንጀል ለዓመታት ፖሊስም «ተበደልኩ» ባይም በራቸውን ሲደበድብባቸው ኖሯል። እኛ በታላቃችን ላይ ያደረግነውም ይህንኑ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ይህን ያህል የማይታመን ከሆነ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራው ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ነው። ቻይናዊው ጋዜጠኛ ሺ ታዎ በ2004፣ የቲያንአንመን ጭፍጨፋ 15ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ የኮሙኒስት ፓርቲው ለጋዜጦች ያስተላለፈውን መመሪያ በያሁ ኢሜይል ወደ ውጭ አገር ላከ። ባለሥልጣናቱ ያሁን ጠየቁ፤ ከያሁ ያገኙት ቁጥርና ሰዓትም ጋዜጠኛው ወደሚሠራበት ጋዜጣ ቢሮ መራቸው። በ2005 10 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈታው በ2013 ነው። በ2007 የያሁ መሥራች ጄሪ ያንግ በአሜሪካ ምክር ቤት ተገኝተው ለእናቱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ቁጥሩ ብቻውን ስም አይሆንም፤ ከሰዓቱና ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም ግን ሰው ያስይዛል።

ወደ አገራችን እንምጣ። እስከ 2022፣ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ በኢትዮጵያ የሣጥኑ ቁልፍ ያለው በአንድ እጅ፣ በመንግሥት ቴሌ እጅ ብቻ ነበር። በ2006 መጨረሻ የኢንተርኔት ካፌዎች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ ታዘዙ። በ2016 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያስገድዳል። አዋጁ መረጃው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይገለጥም ይላል። ፍርድ ቤቶቻችን ለጸጥታ ኃይሎች ጥያቄ ስንት ጊዜ «አይሆንም» ይላሉ? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ቁጥሩ ሰላዩንም ያጋልጣል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ኮምፒዩተር ላይ የስለላ ፕሮግራም የጫኑት ሰዎች መዝገባቸውን ክፍት ትተውት ተገኙ። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት አይፒ አድራሻዎች አዛዦቹ ከኢትዮጵያ እንደሚገቡ፣ የተጠቁት ኮምፒዩተሮች ደግሞ በ20 አገሮች እንደሚገኙ አሳዩ። የሌላውን ዱካ የሚከተል የራሱንም ዱካ ጥሎ ይሄዳል።

እንግዲህ በውጭ ያለን ሰዎች ምን እናድርግ? ከአገር ቤት የሚመጣ ኢሜይልን እንዳለ ለሌላ አታስተላልፉ፤ ፍሬ ነገሩን በራሳችሁ ቃል እንደገና ጻፉት። ዛሬ አብዛኞቹ ትላልቅ የኢሜይል አገልግሎቶች የጸሐፊውን ቁጥር ለተቀባዩ ባያሳዩም፣ ሁሉም እንዲያ አይደሉም። ከማታውቁት ሰው የተላከ ሊንክ መክፈት ቁጥራችሁን ለላኪው ሊሰጠው እንደሚችል እወቁ። በዋትስአፕ ስትደውሉ የሁለታችሁ ስልኮች በቀጥታ ሊገናኙና አንዱ የሌላውን ቁጥር ሊያይ ይችላል፤ ከ2023 ጀምሮ ይህን መከልከያ በፕራይቬሲ ማስተካከያው ውስጥ ስላለ አብሩት። ቪፒኤን የሚጠቀሙ ወገኖችም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቪፒኤን ቁጥራችሁን ከቴሌ ሳይሆን ከምትጎበኙት ድረ ገጽ ነው የሚደብቀው። ቴሌ ወዴት እንደምትሄዱ ባያይም ቪፒኤን መክፈታችሁን ማየት ይችላል። የሣጥኑን ቁልፍም ለቪፒኤኑ ባለቤት አስረከባችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ማንንም በቁጥር አትክሰሱ። ያንን ታላቅ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ልጄ የነገረኝን አንድ በአንድ አስረዳኋቸውና «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ «ስለ ቁጥሩ አልገባኝም» አሉኝ። «ግን ስልኬን ሁላችሁም ታውቁት ነበር። ደውሎ የጠየቀኝ የለም።»

ቸር ሰንብቱ።