ካንዴላዋ የምትለውን እናድምጥ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን እንደ ነበር የታወቀ ነው። የዚያች መኪና ዘመዶች ዛሬም ከአገራችን ጎዳናዎች ጨርሰው አልጠፉም። ታዲያ ከእነዚህ አንዷ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ጉልበት ሲያንሳት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ካንዴላ ይቀየርላት» የሚል ነው። በእኛ እምነት ግን ካንዴላ ከመጣሏ በፊት ልትነበብ ይገባታል።

እንደሚታወቀው ካንዴላ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በብልጭታ የምታቀጣጥል ክፍል ናት። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዷ ካንዴላ በሰከንድ 25 ጊዜ ትፈነጥቃለች። ይህን ሁሉ ስትሠራ የቃጠሎውን ታሪክ በጫፏ ላይ ትጽፋለች። ጫፏ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚኑ በዝቷል፣ አየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ብልጭታው ደክሟል። ከነጣች ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ እየጋለ ነው። በዘይት ከራሰች የፒስተኑ ቀለበቶች ማርጀታቸውን ልንጠረጥር እንችላለን። እንግዲህ ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ካንዴላ መግጠም ትኩሳቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደ መለወጥ ይቆጠራል።

ጉዳዩን በአካባቢያችን ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው የመልክዓ ምድሩ አቀማመጥ ነው። ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ወልቂጤና ቡታጅራ የሚገኙት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡራቶር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ለጠረፍ ከተማ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ ድብልቁ በ10 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። በአንጻሩ ለአዲስ አበባ ከፍታ ተለክቶ የተስተካከለ መኪና ወልቂጤን አልፎ በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ አየሩ ስለሚጠቅጥቅ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ «ጉልበት አነሰ፣ ቤንዚን ይጨመር» የሚለው ልማድ በደጋ ላይ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል።

«የነዳጅ መኪና ዘመን አብቅቷል፤ ለአሮጌ ሞተር ምን አደከመን?» የሚሉ ይኖራሉ። እርግጥ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ነገር ግን ቀድሞ የገባው መኪና በአንድ ጀምበር ከመንገድ አይወጣም። የቆዩት መኪኖች ጭስ የሚያጣራ መሣሪያ ስለሌላቸው፣ ተሟልቶ ካልተቃጠለው ቤንዚን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በቀጥታ ወደምንተነፍሰው አየር ይገባል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መሥራት ሕይወት ሊያሳጣ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በከንቱ የሚነደው ቤንዚንም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በመሆኑም ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ መካኒኮቻችን የካንዴላውን ቀለም አይተው፣ ክፍተቱን በመለኪያ ለክተው፣ የብልጭታውን ጊዜ አረጋግጠው ካርቡራቶሩን በመጨረሻ ቢነኩ መልካም ነው፤ ብልጭታው ሳይስተካከል ድብልቁን ማስተካከል ትርፉ ድካም ነውና። ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ያለውን ጋራዥ እንደ ቤተ ሙከራ ሊያዩት ይገባል። የጋዝ ሕግ፣ የኬሚካዊ ቃጠሎ ስሌትና የኤሌክትሪክ ኃይል በአንዲት ካንዴላ ጫፍ ላይ ተገናኝተው ይገኛሉ። ብዙ መካኒኮች በጆሯቸው የሚለዩትን የሞተር ድምፅ ተማሪው በቁጥር ሊያስረዳ ይችላል፤ ተማሪው በቁጥር ብቻ የሚያውቀውን ደግሞ መካኒኩ በእጁ ያሳየዋል። ሁለቱ ተለያይተው እስከ ቀሩ ድረስ መጽሐፉም ጋራዡም ጎዶሎ ሆነው ይቀራሉ እንላለን።