ለትምህርት ነው!

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ የምወቅሰው ራሴን ነው። ብቻዬን ግን አልወቀስም፤ እናንተንም ይዤ ነው የምገባው።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት 2016 ነው። ደባርቅ ያለ አንድ ጎረምሳ ስልክ ደወለልኝ። አባቱን አውቃቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ በአንድ የገና ዕረፍት ስሜን ተራሮችን ለማየት ስንወጣ ጓዛችንን በበቅሎ የጫኑልን እሳቸው ናቸው። ያኔ ቤታቸው ጊች ነበር፤ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጅባራው እንደ ዘበኛ ተሰልፎ በቆመበት ሜዳ ዳር። በ2008 የጊች ሰዎች ለፓርኩ ሲባል ተነሥተው ደባርቅ ሲሰፍሩ ልጁ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ“አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች” መዝገብ ሰረዘው። ደስ አለን፣ አጨበጨብን። ከዚያ በ2012 ኮሮና፣ በ2013 ጦርነት መጣና ቱሪስቱ ቀረ። ቱሪስቱ ሲቀር በቅሎዋም ሥራ ፈታች። ልጁም ሞባይል ጥገና ቤት ገባ።

“ጋሼ፣ 35 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ይግዙልኝ” አለኝ።

“ጎሽ! ለትምህርት ነው?”

“አይ ጋሼ። ለጌም ነው። ጂቲኤ ፋይቭ የሚያጫውት፤ ፊፋም። ግራፊክስ ካርድ ያለው ይሁን። እንዳይረሱ፣ ለጌም ነው ይበሏቸው።”

ራሱ መርጦ፣ ራሱ ጠይቆ እንዳይገዛ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የዕቃ ስም የሚያጣራበት፣ ዋጋ የሚያወዳድርበት መንገድ የለም። ያለው ስልክና እኔ ነን። ከሁለቱ ስልኩ ይሻል ነበር።

መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገባሁ። የሱቁን ስም ልተወው፤ ባለሱቁ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም መጠየቅ ያለበትን ጠየቀኝ፦ “አባት፣ ለምን ሥራ ነው የሚፈልጉት?”

እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ሽበቴ አለ። መነጽሬ አለ። ለሃያ ዓመታት ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። አጠገቤ ደግሞ አንዲት ደርባባ ሴት ፕሪንተር ትመርጣለች። እና “ለጌም ነው” ልበል? ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

“ለትምህርት ነው” አልኩ።

“ለትምህርት ከሆነ ይኼ ነው የሚያዋጣዎት” ብሎ አንድ ቀጭን ጥቁር ሣጥን ሳበልኝ። “ኮር አይ ሰቨን ነው!”

ኮር አይ ሰቨን! እንዴት ያለ ስም ነው እናንተ! “ዶክተር” ብለው እንደሚጠሩት ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል? እኛ አገር “ዶክተር” ከተባለ “በምን? ከየት? መቼ?” ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ስለዚህ እኔም ጨዋ ሰው በመሆኔ አልጠየቅሁም። የልጁን ገንዘብ ከፈልኩ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! አይ ሰቨን የሚለው ስም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ግድም አዲስ ጄነሬሽን ይወለድ ነበር፤ ስሙ ግን ያው ነበር። እኔ የገዛሁት የ2ኛው ጄነሬሽን፣ አይ ሰቨን 2600 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ2011 ልጅ ነው። 4 ኮር ያለው፣ 8 የሥራ መስመር የሚያስኬድ። መጥፎ ነገር አልነበረም፣ በዘመኑ! ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 10ኛ ጄነሬሽን አይ ስሪ፣ ያ ሁሉም የሚንቀው “ትንሹ” አይ ስሪ 10100፣ እሱም 4 ኮርና 8 መስመር አለው፤ ፍጥነቱ ግን የኔን ባለ ማዕረግ ይበልጠዋል። ታናሹ ታላቁን ቀደመ ማለት ነው። ስሙ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከሰረዙ ቀጥሎ በምትጻፈው ቁጥር ውስጥ ተቀብሯል። ስንት ዓመት ሰምና ወርቅ ያስተማርኩ ሰው ይቺን መፍታት አቃተኝ። ይታያችሁ!

ሣጥኑን ይዤ በአውሮፕላን እስከ ጎንደር፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና በዳባት በኩል ደባርቅ ገባሁ። ልጁ ሣጥኑን ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ ትሕትናው ግን አልተለየውም። በመፍቻ ከፍቶ አሳየኝ። ግራፊክስ ካርድ የለም። ይጨመርበት እንዳይባል ሣጥኑ ቀጭን ነው፤ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም። ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ብቻ ነው፤ በሌላ ልተካው ቢሉ ፋብሪካው ለራሱ በሠራው ሶኬት ነው የሚሰካው። የቢሮ ዕቃ ነው። አንድ ጸሐፊ ደብዳቤ ስትተይብበት ኖራ፣ መሥሪያ ቤቷ ሲያድስ የጣለው። እንዲህ ያለው ወደፊትም ይመጣልናል፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ጄነሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ዘር በአብዛኛው አልቀበልም ብሏል፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ድጋፉ ቆሟል። የሀብታም አገር ቢሮዎች የሚያወጡት ሁሉ “ኮር አይ ሰቨን!” እየተባለ እኛ ዘንድ ይደርሳል።

አባትየው ጥግ ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና፣

“ጥርሱን አላዩትም ነበር?” አሉኝ።

“የምኑን ጥርስ?”

“የዚህን ነዋ። በቅሎ ሲገዙ አፏን ከፍተው ዕድሜዋን ያያሉ። ሰኮናዋን ያያሉ። ጀርባዋን ይዳብሳሉ። ከሁሉ በፊት ግን ለጭነት ነው ወይስ ለኮርቻ ይባላል። ስሟን ማንም አይጠይቅም፤ ወላሂ!”

እኔ በዲግሪ፣ እሳቸው በበቅሎ። እሳቸው በለጡኝ።

ልጁ በዚያ ሣጥን ላይ ፔስ 2013ን ተጫወተ። ጂቲኤ ፋይቭ ግን ተንጠባጥቦ ቆመ። በሁለተኛው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ በዶላር ነው የሚመጣው። እኔ መገናኛ ላይ ያፈርኳት አንዲት ዕፍረት፣ ልጁን ዓመታት ያጠራቀመውን አስከፈለችው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። “በዚህ የኑሮ ውድነት ደግሞ ጌም?” የምትሉት፣ አዎ እናንተ! የዲኤስቲቪ ቤት ከፍሎ ገብቶ፣ ወንበር ተሻምቶ፣ ለአርሴናል የሚያለቅስ የልጆች አባት “ለትምህርት ነው” ብሎ ሲምል ሰምታችኋል? ገና ሲመታ “ይህ ጨዋታ ለሥራ ፈጠራ ምን ፋይዳ አለው?” ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አለ? የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቶ ጽፎታል፤ ማንም “ጊዜያቸውን አባከኑ” አላላቸውም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ረጅም ጥናት ሲያወጣ ደግሞ ምሁር ተባለ። ታዲያ የደባርቅ ልጅ ሲሆን ነው ጨዋታው ወንጀል የሚሆነው? ድሃ ሆኖ የተወለደ ልጅ የሚነካት ነገር ሁሉ “ጥቅም” ማምጣት አለባት ያለው ማን ነው? ሀብታሙ ለልጁ ፕሌይስቴሽን ሲገዛ “ይዝናናበት” ይላል። ድሃው ግን መሐላ ይጠየቃል።

ጌም ልጅን አያበላሽም አላልኩም። ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጦ የሚያድር፣ ትምህርቱን ጥሎ ጌም ቤት የሚውል ልጅ አይቻለሁ። እሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ የወላጅ ጣጣ። የእኔ ጥል ከውሸቱ ጋር ነው። ምክንያቱም ኮምፒውተር በውሸት አይገዛም። ለጽሑፍ የሚሆነውና ለጌም የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። ለጽሑፍ ከሆነ ያ ቀጭን ሣጥን ይበቃል። ለጌም ከሆነ ግን ከገንዘቡ ሲሶው፣ አንዳንዴም ግማሹ፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱ መሄድ አለበት፤ ሥዕሉን የሚሥለው እሱ ነውና። “ለትምህርት” ብላችሁ ዋሽታችሁ ስትገዙ ገንዘቡ ሁሉ ስም ላይ ያልቃል።

በ2017 ልጁና እኔ እንደገና ጀመርን። ግማሹን እኔ ቻልኩ፤ የዕዳዬ ነው። አሁን ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ መራጩ እሱ፣ ተላላኪው እኔ።

ካርድ ስንፈልግ ያየነው የስም ጨዋታ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ጂቲ 1030 የሚባል ካርድ አለ። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጂዲዲአር 5 ማስታወሻ ያለው፣ ሌላው ዲዲአር 4። ሁለተኛው በጣም ደካማ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን ስሙ ያው። አርኤክስ 580ም እንዲሁ፦ እውነተኛው 2,304 ኮር አለው፣ 2,048 ብቻ ያለውም 580 ተብሎ ይሸጣል። ኤተሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን ካቆመ በኋላ ደግሞ ሌት ተቀን ሲጋገሩ የኖሩ ካርዶች ታጥበው ገበያ ወጥተዋል። ከሁሉ የሚብሰው፣ ያረጀ ካርድ ውስጡ ያለው ስም በሶፍትዌር ተቀይሮ “ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ” እያለ የሚመጣው ነው። ጂፒዩ ዜድ የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን አስመሳዮች ትለያለች። የሰው ዲግሪ ላይ የሚጫን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

በመጨረሻ ልጁ ካርድ ለጊዜው ይቅር አለ። ግራፊክሱን በውስጡ የያዘ ፕሮሰሰር መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ። 6 ኮር አለው። ጂቲኤ ፋይቭን ቅንብሩን ዝቅ አድርጎ ደህና ያጫውታል፤ ሙሉ ቁመት ያለው ሣጥን ከገዛ ገንዘብ ሲገኝ ካርድ ይሰካበታል። ራሙን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አደረገው፤ እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር ሥዕሉን የሚሥለው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ ሁለት መንገድ ከአንድ መንገድ ይሻለዋል። ቢ 450 ማዘርቦርድ ሲረክስ ስላየሁ “ይኼን ልግዛ?” ብለው፣ “ጋሼ፣ ባዮሱ ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም፤ ታድሶ እንደሆነ ይጠይቁ” አለኝ። ጠየቅሁ። አልታደሰም ነበር። በመስታወትና በቀይ ሰማያዊ መብራት ያጌጠ ሣጥን ሳሳየው ደግሞ ሳቀብኝ። መብራቱ ፍጥነት አይጨምርማ! ሞኒተሩ አሮጌ ሆነ። ዲስኩ ግን አዲስ ኤስኤስዲ።

የማይቆጠብበት ነገር ቢኖር ፓወር ሰፕላይ ነው አለ፤ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ በሚዘልበት አገር። ነገሩ ገባኝ። አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ የመጣለትን ኮምፒውተር ከኋላው ያለችውን ቀይ ማብሪያ ከ115 ወደ 230 ሳያዞር ሰካው፤ ጧ አለ፣ ሸተተ፣ አበቃ። በዚያ ላይ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያ ቢነፋም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ያካክሰዋል። 65 ዋቱ ፕሮሰሰር ደግሞ ብዙ አይሞቅም፤ መብራት ሲጠፋም በትንሽ ዩፒኤስ ጨዋታውን አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያሰበው “ጊዜውን በጌም የሚያባክነው” ልጅ ነው።

ከወራት በፊት ደባርቅ ነበርኩ። አዲሱ ይሠራል። ልጁ ያንን ቀጭን ሣጥን ሊሸጠው ወረቀት ለጥፎበታል፦ “ኮር አይ ሰቨን፣ 2ኛ ጄነሬሽን፣ ለጌም አይሆንም።” እንዲህ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አይቼ አላውቅም።

እኔ እዚያው ሳለሁ ከረባት ያሰረ ሰው ገባ። የቢሮ ሰው ይመስላል። ወረቀቱን እስከ “አይ ሰቨን” አነበበና ሣጥኑን መታ መታ አደረገው።

“ለልጆቼ ነበር። ለትምህርት ነው” አለ።

ልጁ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሰውዬውን። “እውነት ለትምህርት ነው፣ ጋሼ?”

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ፊፋ ይጫወታል?” አለ።