የጥጃ ጭራና የውጭ ምንዛሪ

በወሎ የፈረስ ጭራ ክብር አለው። ለማሲንቆ ክር ይሆናል፣ በሽማግሌ እጅ ዝንብ ያባርራል። የጥጃ ጭራ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በግራና ገበያም ሆነ በመርሳ፣ ከብት ሲታረድ ሥጋው ይሸጣል፣ ቆዳው እንደ ዘመኑ ገዢ ያገኛል ወይም ያጣል፣ የጭራው ጫፍ ለውሻ ይጣላል። ይኸው ጭራ ታጥቦ፣ ነጥቶና ቀለም ተነክሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መደብሮች በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ በአካባቢው ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል።

ፈረንጆች ትራውትና ሳልመን የሚባሉትን ዓሦች የሚያጠምዱት ሥጋ ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ለመዝናናትም ነው። ለዚህ የሚጠቀሙት ማታለያ በመንጠቆ ላይ በክር የሚታሰር ፀጉርና ላባ ሲሆን፣ አንዱ ዓይነት ትንሽ ዓሣ መስሎ በውኃ ውስጥ እንዲዋኝ ተደርጎ ይሠራል። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ባላባቶች ክንፉን የሚሠሩት ከሩቅ አገር በሚመጣ የብርቅዬ ወፍ ላባ ነበር። የዚያ ላባ አምሮት ዛሬም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 በእንግሊዝ አገር ትሪንግ ከሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም 299 የወፍ ቆዳዎች የተሰረቁት ለዚሁ ሥራ ነው። የፀጉር ክንፍ የመጣው ለዚህ ቅንጦት እንደ ርካሽ መልስ ሆኖ ነው። ከአጋዘን፣ ከጥጃ፣ ከፍየልና ከሽኮኮ መሰል እንስሳት የሚገኝ ፀጉር በኃይለኛ ጅረት አይጣበቅም፣ ቶሎም አይበጣጠስም።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል። በዘንጉ ላይ ሱፍ ወይም የሚያብለጨልጭ ክር ይጠመጠማል። ከጭራው ከክብሪት እንጨት የማይወፍር እፍኝ ፀጉር ተቆርጦ፣ ከሥሩ ያለው ልስልስ ብናኝ ተበጥሮ ይወጣል፣ ጫፉ እኩል ይደረጋል። ከዚያ ከመንጠቆው ዓይን ኋላ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ትርፉ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ራሱ ቫርኒሽ ይቀባል። አስቸጋሪው ነገር አንዱን መሥራት አይደለም። ገዢው የሚያዘው በደርዘን ነውና አሥራ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በፀጉር ስንዝር እንኳ መለየት የለበትም። ስፌት ሰፍታ የአለላውን ጥለት ሳታዛንፍ ሞሰብ የምትጨርስ የሀብሩ ሴት ይህንን ትችላለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጎረቤት ኬንያ ይህንን ንግድ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። ትራውት ወደ ኬንያ ወንዞች የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ማታለያ ማሰሩ ዓሣውን ተከትሎ መጣ። ዛሬ በናይሮቢ ያሉ ትናንሽ አውደ ጥናቶች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ይልካሉ። ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በዌብና በአካባቢው፣ ተለቅቋል። ኢትዮጵያ ዓሣውን ስትቀበል ሙያውን ግን አልተቀበለችም። በጣና ሐይቅም ሌላ ዓሣ የሚያድኑ ስምንት የነጭ አሳ ዝርያዎች እንዳሉ ተመራማሪዎች ካስታወቁ ቆይቷል፤ ይህ ማታለያ የሚሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ በላተኛ ነው።

እዚህ ላይ ችኩል ነጋዴ «እንግዲያው ጭራውን ሰብስበን እንላክ» ሊል ይችላል። ስሌቱ ግን አያዋጣም። አንድ ጭራ ለብዙ ደርዘን ማታለያ ይበቃል። ይህም ማለት ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ የፀጉሩ ድርሻ ኢምንት ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አፍተግር ካለበት አገር የሚወጣ ጥሬ ጭራ የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት ሲጠየቅበት ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል። ገንዘቡ ያለው በእጅ ሥራው ነው። ሌላው ወጪ መንጠቆው ነው፤ እሱ ደግሞ ከውጭ ይገባል። የጉሬዛ ፀጉርም ይፈለጋል የሚል ካለ ሐሳቡን ይተው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ያለበት የዱር እንስሳ ነው።

የቆዳውን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ። ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ተሠርቶ እሴት ተጨምሮበት እንዲወጣ ነበር፣ ዓላማውም አይነቀፍም። ዳሩ ግን ገዢው ጥቂት ፋብሪካ ብቻ ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቀድሞ የበዓል በግ ቆዳ ለቤት እመቤቷ የጨውና የበርበሬ መግዣ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በየመንገዱ ዳር ሲጣል ታይቷል። የጭራውም ነገር በመመሪያና በክልከላ ከተጀመረ መጨረሻው ያው ነው። ማታለያ ለማሰር ፋብሪካ አያስፈልግም። ሞርሳ፣ መቀስ፣ ክርና ጥሩ ብርሃን ይበቃሉ። ማንም ብቸኛ ገዢ ሆኖ የማይቆምበት ንግድ መሆኑ ትልቁ ብልጫው ነው።

የምንዛሪው ነገር ከቀድሞው ተለውጧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ በብር የምትከፈል የእጅ ሥራ ለውጭ ገዢ ረክሳለች። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ከአጎዋ መውጣቷ ግን ትልልቆቹን የልብስ ፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆን ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ሥራም ይጎዳል። የአሜሪካ ቀረጥ ለኢትዮጵያዊው ጀማሪ ተጨማሪ ሸክም ነው። በመሆኑም መጀመሪያ ማየት የሚገባው ወደ አውሮፓ ነው።

ገበያው ጠባብ እንደሆነም መሸሸግ አይገባም። ይህ ሥራ ወሎን አያበለጽግም። መሬት አልባውን የሀብሩ ወጣት ሁሉ ከሳዑዲ መንገድ አይመልስም፤ በ2014ቱ ጦርነት የተጎዳውን ቤትም አይጠግንም። በዚያ መንገድ በየዓመቱ የሚያልቀው ሕይወት ግን ሃያ ሰው የሚያቆይ ሥራን እንኳ ለመናቅ አይፈቅድም። የክፍያው ነገርም ከወዲሁ መታሰብ አለበት፤ በደርዘን የሚከፈለው ሠራተኛ ደላላ በመሐል ከገባበት የሚተርፈው የዓይን ሕመም ነው። ሠሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከገዢው ጋር ራሳቸው ቢዋዋሉ ይሻላል።

ጀማሪው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ በሲሪንቃ የምርምር ማዕከል አለ፤ ፀጉር ማጠብና ማድረቅ፣ ነጭ ጭራና ጥሩ የአንገት ላባ ያለውን አውራ ዶሮ መምረጥ ከእነሱ ሙያ የራቀ አይደለም። ለመርሳ የጎደላት ሞርሳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከናይሮቢ አንድ የለመደ አሳሪ ለጥቂት ወራት ማምጣት ከብዙ የአዳራሽ ስብሰባ ያንሳል። ጉምሩክም መንጠቆውን እንደ መዝናኛ ዕቃ ሳይሆን ተመልሶ ወደ ውጭ እንደሚወጣ ጥሬ ዕቃ ቢያየው መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጭነት ሦስት ደርዘን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ገዢው «አልተመሳሰሉም» ብሎ ቢመልሳቸው ፀጉሩ ተፈትቶ መንጠቆው እንደገና ይታሰርበታል፤ የጠፋው ክርና የሦስት ቀን ድካም ነው።