ከመንገድ ሁሉ አንዲት ሳትቀር

ወደ ቅድስት ከተማ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ተሳላሚ አስቀድሞ የሚማረው መንገድ አንድ ነው፤ ከደማስቆ በር ገብቶ፣ በኻን አዝ-ዘይት ገበያ አልፎ፣ በስተቀኝ ያለውን ሰፊ ደረጃ ወጥቶ ወደ ገዳማችን ወደ ዴር ሡልጣን የሚደርስበት። ሁለተኛው ከገዳማችን ተነሥቶ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ወደ ጎልጎታ አደባባይ የሚያወጣው ነው። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ተመላልሶ፣ ስእለቱን አድርሶ፣ ወደ ሀገሩ የሚመለስ ብዙ ነው። ከነዋሪዎቹ አባቶች መካከልም ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖረው ከአምስት መንገድ በላይ የማያውቁ አይጠፉም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወጣት ተሳላሚ፣ በሚኖርበት ከተማ ያለውን መንገድ ሁሉ አንዲት ሳትቀር በእግሩ ለማዳረስ መነሣቱን አጫወተን። የሄደበትን በስልኩ ካርታ ላይ ቀለም ይቀባዋል፤ ያልሄደበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልማድ ያደረጉ በዓለም ብዙዎች ናቸው። ዊልያም ሄልምራይክ የተባሉ የኒው ዮርክ መምህር ከተማቸውን መንገድ በመንገድ ሲዞሩ 9,700 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ሄደው፣ ያዩትንም በ2013 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል። ወጣቱ ይህን ሲናገር አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከበአቱ የወጣ መነኩሴ ከባሕር እንደ ወጣ ዓሣ መሆኑን አባ እንጦንስ አስተምረዋልና፣ ዙረትን ከሥራ ፈትነት ለይቶ ማየት ለመናኝ ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ነህምያን እናስብ። ከሱሳ ወደ ኢየሩሳሌም በመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ፣ ያሰበውን ለማንም ሳይገልጥ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞረ። የተቀመጠባት እንስሳ ማለፊያ እስክታጣ ድረስ ሄደ። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ይህን ከፈጸመ በኋላ ነው። የዞረውም ለመናፈስ አልነበረም፤ የሚሠራውን ቦታ ሳያውቅ አፉን ላለመክፈት ነበር እንጂ።

በቅጥር ውስጥ ያለችው አሮጌይቱ ከተማ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰች ናት። ዛሬ የምናየው ቅጥር በሡልጣን ሱሌይማን ትእዛዝ ተሠርቶ በ1541 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ ነው፤ ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው ብቻ የሚሄድ ከምሳ በፊት ይጨርሳል። በውስጥ ያለውን ግን ማዳረስ ሌላ ነው። መንገዱ ይታጠፋል፣ በቤት ሥር ይገባል፣ በሰው ደጃፍ ላይ ያበቃል። እኛ የተጠቀምንበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳያርቁ መሄድ። ግድግዳው ወደ ዝግ መንገድ ቢያስገባም በሌላው ወገን መልሶ ያወጣል። በአራት ወገን በመንገድ የተከበቡት ቤቶች ብቻ ለሁለተኛ ዙር ይቀራሉ።

መጽሐፍ አንብበን ያላስተዋልነውን እግራችን አስተዋለው። ከደማስቆ በር የሚነሣው የአል-ዋድ መንገድ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ሸለቆ ነው፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎልጎታ ወገን የሚሄደው መንገድ ሁሉ ዳገት ነው። ፍኖተ መስቀልን በዓርብ ስቅለት የሚከተል ምእመን ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ በሸለቆው ያልፋል። አምስተኛው ምዕራፍ፣ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን መሸከሙ የሚታሰብበት፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ታጥፎ ዳገቱ የሚጀምርበት ማእዘን ነው። ይህን ምዕራፍ በሕዝብ ተገፍተን ብዙ ዓመት አልፈንበታል። ባዶ በሆነ ማለዳ ብቻችንን ስንወጣው ግን ጕልበታችን ስምዖን የተጠራው ለምን እዚህ እንደ ሆነ ነገረን። ትውፊቱን ያቈዩ ሰዎች ይህን ዳገት በእግራቸው የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

የመንገዶቹ ስሞችም ለግእዝ ተማሪ ፈጽሞ እንግዳ አይደሉም። በየማእዘኑ በሸክላ ገበታ ላይ በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል፤ በአንዳንዱ ስፍራ የዕብራይስጡ ሸክላ በኋላ የተጨመረ መሆኑ ከመጋጠሚያው ይታወቃል። ዓረቦቹ ዳገታማውን መንገድ «ዐቀባ» ይሉታል፤ የእኛው አቀበት ነው። ዕብራውያን መንገድን «ሪሖቭ» ሲሉ፣ ግእዛችን ርሕበ፣ ሰፋ ካለው መርሕብን ያወጣል። በአሮጌይቱ ከተማ ግን አብዛኛው ሪሖቭ የተጫነ አህያና አንድ መነኩሴ ጎን ለጎን አያሳልፍም። የደማስቆ በር በዓረብኛ «ባብ አል-ዐሙድ» ይባላል፤ የዐምድ በር ማለት ነው። ዐምዱ ዛሬ የለም። በማደባ በ6ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የድንጋይ ጌጥ ካርታ ላይ ግን ከበሩ በስተውስጥ ባለው አደባባይ ቆሞ ይታያል፤ ከእርሱም የሚነሣው ባለ ዐምድ ጎዳና ዛሬ በኻን አዝ-ዘይት ገበያ የምንረግጠው መሥመር ነው። ድንጋዩ ከጠፋ በኋላ ስሙ በሻጭና በገዢ አፍ ይኸው ቆሟል።

ቀንና ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። ዓርብ ወደ መስጊዱ የሚያደርሱት መንገዶች በሰጋጆች ይሞላሉ፤ ቅዳሜ የአይሁድ ሰፈር ጸጥ ይላል፤ እሑድ በክርስቲያን ሰፈር ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። የሱቆቹ መዝጊያ ሳይከፈት፣ ሸቀጡ ሳይሰቀል፣ ግድግዳው ራሱ ይታያል። ሦስቱ ጎን ለጎን ያሉ ክዳን ገበያዎች፣ ማለትም የሥጋ ሻጮች፣ የቅመም ሻጮችና የወርቅ ሠሪዎች፣ በዚያ ሰዓት ቢታዩ መልካም ነው። ከእነዚያ ሱቆች በአንዳንዶቹ ድንጋይ ላይ የቅድስት ሐና ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። በመስቀል ጦረኞች ዘመን የሱቁ ገቢ የቅድስት ሐና ገዳም መሆኑን ለማስታወቅ የተጻፈ ነው። ገዳሙ ርስቱን በብራና ብቻ አላኖረም።

የማይኬድበትም አለ። ከሱቅ አል-ቀጣኒን፣ ከጥጥ ነጋዴዎች ገበያ፣ መጨረሻ ያለው ታላቅ በር ወደ መስጊዱ ግቢ ይከፈታል፤ ገበያውን አሚር ተንኪዝ በ1336 እ.ኤ.አ. አሠሩት። ከበሩ ላይ ጠባቂዎች አሉ፤ ሙስሊም ያልሆነ በዚያ አይገባም። ሰላምታ ሰጥቶ መመለስ ነው፤ እስከ በሩ የተሄደው እንደ ተሄደ ይቈጠራል። መጋረጃ የተሰቀለበት፣ ልብስ የተሰጣበት መግቢያም መንገድ ቢመስል የሰው ግቢ ነውና አይገባበትም።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ልማድ የምንደግፍበትን ምክንያት እንናገር። በዘንድሮው ሕማማት ከገጠር የመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ከባልንጀሮቻቸው ተለይተው በዚያው በጥጥ ገበያ ጠፉ። ከአማርኛ በቀር አይናገሩም፤ ስልክም አልያዙም። አንድ ባለ ሱቅ ነጠላቸውን አይቶ ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃ አጠጣቸው፣ ከዚያም ሱቁን ለልጁ ትቶ ዳገቱን እየደገፈ አውጥቶ እስከ ገዳማችን በር አደረሳቸው። ሰውየው በጐረቤትነት አያውቀንም ነበር፤ ሱቁ ከእኛ ሩቅ ነው። ከእኛ ወንድሞች አንዱ መንገዱን ሲያዳርስ በደጁ አልፎ ሰላም ብሎት ኖሮ፣ የት እንደምንኖር ጠይቆት ነበርና ነው። እናታችን ሲሰናበቱት እጁን ስመው «ልጄ፣ የድንግል ልጅ ይክፈልህ» አሉት። እርሱም ትርጕሙን ሳይጠይቅ ወረደ።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። አባቶቻችን እንደሚተርኩት በ1838 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማይቱ የገባው ወረርሽኝ በገዳሙ የነበሩትን መነኮሳት ከጥቂት በቀር ጨረሳቸው፤ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም ተቃጠሉ። የትኛው ደረጃ፣ የትኛው በር፣ የትኛው መተላለፊያ የማን እንደ ነበረ የሚያውቁ ሰዎች ከነዕውቀታቸው ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣብንን መከራ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ዛሬም በገዳማችን መንገዶቹን የሚያውቁት አባቶች በእጅ ጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ደረጃ መውጣት አቁመዋል።

ስለዚህ በዕቃ ቤቱ አንድ ደብተር ተከፍቷል። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ገጽ አለው፤ ስሙ በሦስቱም ቋንቋ፣ የደረጃው ቍጥር፣ በበዓላት የብረት አጥር ሲቆም በየት በኩል እንደሚተላለፍ፣ አረጋውያን የሚያርፉበት ድንጋይ፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚሰማ ባለ ሱቅ ካለ ሱቁ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ክፍል የተጀመረው በኢትዮጵያ መንገድ ነው፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ያለችበት፣ የዛሬውን የዕብራይስጥ ንግግር ያስነሣው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም የኖረበት ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያልተሞሉት ገጾች አብዛኞቹ በአርመን ገዳም ግቢ ውስጥ ያሉት መንገዶች ናቸው። እነዚያ በሌሊት የሚዘጉና ያለ ፈቃድ የማይገባባቸው ስለ ሆኑ፣ ከአባቶች ጋር ተነጋግረን በፈቃዳቸው እንገባለን።

አብሮን መዞር የሚፈልግ ተሳላሚ ማክሰኞ ማክሰኞ ከኪዳን ጸሎት በኋላ በደረጃው ግርጌ ያግኘን። ድንጋዩ በብዙ ዘመን እግር ተልጎ ስለሚያንሸራትት፣ በተለይ ዝናም ከጣለ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርግ፤ አረጋውያን መቋሚያቸውን አይርሱ።