ቻተኑጋን ያነሣት አኳሪየሙ አይደለም

ስለ አሜሪካ መካከለኛ ከተሞች ማንሰራራት ሲጻፍ የቴነሲዋ ቻተኑጋ ሳትጠቀስ አትታለፍም። ታሪኳም ሁልጊዜ በአንድ ዜማ ይተረካል፦ እ.ኤ.አ. በ1969 ዋልተር ክሮንካይት በሲቢኤስ ዜና የአገሪቱ ቆሻሻ ከተማ ያላት ቻተኑጋ፣ በ1992 በ45 ሚሊዮን ዶላር ወንዝ ዳር አኳሪየም ሠራች፤ ፌስቲቫል ደገሰች፤ መሐል ከተማዋም ነፍስ ዘራ። ትረካው አጭርና ለከንቲባ የሚመች ስለሆነ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። በእኔ እምነት ግን ከጭራው የተጀመረ ታሪክ ነው።

ከአየሩ እንነሣ። ከተማዋ በተራሮች መካከል ስለተኛች የብረት ማቅለጫዎቿ ጭስ ሸለቆው ውስጥ ታፍኖ ይቀር ነበር። በጠራራ ቀን የመኪና መብራት ይበራ እንደነበር፣ የቢሮ ሠራተኛም መቀየሪያ ሸሚዝ ይዞ ይወጣ እንደነበር የአገሩ ሰው ዛሬም ያወራል። ይህን የቀየረው በ1969 የወጣው ጥብቅ የአየር ብክለት ደንብና ደንቡን ያስፈጸመው ቦርድ ነው። እርግጥ ከጭሱ ከፊሉ የጠፋው ማቅለጫዎቹ ስለተዘጉ ነው፤ ንጹሑ አየርና ሥራ አጥነቱ ተያይዘው መጡ። ያም ሆነ ይህ፣ ያ ጭስ ሳይገፈፍ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው አይገኝም ነበር።

የተለመደው ትረካ ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ በ1981 መሐል ከተማ ባዶ መሬት ላይ ለአምስት ምሽቶች የተዘጋጀው ነጻ ኮንሰርት። በዓመቱ ሪቨርቤንድ የተባለው ፌስቲቫል ተከተለ። አኳሪየሙ ገና አልታሰበም ማለት ባይቻልም ሊከፈት አሥር ዓመት ይቀረው ነበር፤ ስለዚህ “በዓል ቀደመ፣ ግንባታ ተከተለ” ይላሉ። ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ከኮንሰርቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1980፣ የኩ ክላክስ ክላን አባላት የጥቁሮች ማዕከል በሆነው ናይንዝ ስትሪት ላይ ጥቁር ሴቶችን በጥይት አቁስለዋል። ነጮች ብቻ የነበሩበት የጁሪ ሸንጎ ከሦስቱ ተከሳሾች ሁለቱን በነጻ ሲለቅ ከተማዋ ታመሰች። እንግዲህ ኮንሰርቱ የተደገሰው በዚህ ማግስት ነው። ጥቁሩና ነጩ በማታ፣ በአንድ ሜዳ፣ ያለ ጠብ ሊቆሙ ይችላሉ ወይ? ጥያቄው ይህ ነበር፤ መልሱም ይችላሉ ሆነ። በዓሉ ሙከራ እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

መድኃኒቱ የመጣው አሰልቺ በሆኑ ስብሰባዎችና በፍርድ ቤት ነው። በ1984 ከ1,700 በላይ ነዋሪዎች ተሰብስበው 40 ግቦች አወጡ። የወንዙ ዳር ከነዚህ አንዱ ነበር፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው መጠለያም ሌላው ነበር፤ ጎብኚ ግን መጠለያ ፎቶ አያነሣም። ለግቦቹ ከዋለው ገንዘብ ከፍ ያለው ድርሻ የመጣው ከኮካኮላ ጠርሙስ ሙሌት ከተገኘ የአንድ ቤተሰብ ሀብት ነው፤ ትረካውን እንደ ቀመር የሚቀዱ ከተሞች እንዲህ ያለ ባለጠጋ ከሌላቸው ምን እንደሚያደርጉ አይነገራቸውም። በ1989 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ እያንዳንዱን ኮሚሽነር ከተማው በሙሉ የሚመርጥበት ሥርዓት የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማል ብሎ ሻረው። በ1990 ከዘጠኝ ወረዳዎች የተውጣጣ ምክር ቤት ተመረጠ። አኳሪየሙ በሩን የከፈተው ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ በሕግ ከተፈታ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2010 ከተማዋን በፈጣን ኢንተርኔት ያስጠራት የመብራት ድርጅትም የሕዝብ ንብረት እንጂ የበዓል ውጤት አይደለም።

በመጨረሻም የማንሰራራቱ አርማ የሆነውን የዋልነት ስትሪት ድልድይ ልጥቀስ። ለመኪና ተዘግቶ የቆየው ድልድይ በ1993 ለእግረኞች ተከፈተ፤ ፖስትካርዱ ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ኤድ ጆንሰን የተባለው ጥቁር ወጣት በ1906 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣቱን አግዶለት ሳለ፣ መንጋ ከእስር ቤት አውጥቶ የሰቀለው በዚሁ ድልድይ ላይ ነው። የጥፋተኝነት ፍርዱ በ2000 ተሰረዘ። መታሰቢያው ድልድዩ ሥር የተመረቀው ግን በ2021 ነው፤ ድልድዩ ለእግረኞች ከተከፈተ ከ28 ዓመት በኋላ።