ከሲቲ ስካን ርቆ የሚኖር አንጎል

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ስሙ የገነነው በራስ ቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን በኪቢሽ አካባቢ ያገኘው «ኦሞ 1» የተባለው የሰው ቅሪት፣ በ2022 በወጣ ጥናት መሠረት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። ተመራማሪዎች የቅሉን ስብርባሪ ገጣጥመው በሚሊ ሜትር ለክተዋል። በላዩ የተጫነውን የእሳተ ገሞራ አመድ ሳይቀር ወደየላብራቶሪያቸው ወስደው መርምረዋል። በዚያው ሸለቆ ዛሬ የሚኖረው ሰው ግን የደም ግፊቱ አንድም ቀን ሳይለካ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ሳይንስ ለሟቹ ራስ ቅል ያሳየውን ትጋት በሕይወት ላለው ሰው አንጎልም እንዲያሳይ እሻለሁ።

ዱስን እንውሰድ። ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች የካራዎች መንደር ናት። ካራዎች በቁጥር ከአገራችን እጅግ አነስተኛ ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ፣ ፍየልና ከብት እያረቡ፣ ንብ እያነቡ ኖረዋል። ከዱስ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ወዳለበት ጂንካ ለመድረስ ወደ ቱርሚ መውጣት፣ ከዚያም በዲመካና በቀይ አፈር አድርጎ ማለፍ ይጠይቃል። ጠቅላላው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ ደረቅ የነበረው የአሸዋ ወንዝ በደራሽ ይሞላና መኪናው ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል።

አንድ የዱስ አባወራ ማለዳ የቡና ገለባውን በቅል ይዞ ተቀምጧል እንበል። ቅሉ ከቀኝ እጁ ያመልጠዋል። ላንሣው ቢል እጁ አይታዘዘውም። ሚስቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ የሚመልስላትም ቃል አይጨበጥም። ይህ ስትሮክ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስድ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል፣ ወይም ፈንድቶ ደም እየፈሰሰ ነው። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ለመለየት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ሰዓት ይቆጠራል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይወስዳል፤ ስንቅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን የለውም። አንድ ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ፣ ሕክምና ሳይገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል። በአንድ ሰዓት ከ100 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ደም ፈጽሞ የተቋረጠበት መካከለኛው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በዙሪያው ያለው ግን ለሰዓታት በሞትና በሕይወት መካከል ይቆያል። የስትሮክ ሕክምና በሙሉ የሚታገለው ይህን ዙሪያ ለማዳን ነው።

ጉዳቱ በደም እጦት ብቻ አያበቃም። የሞቱት ሴሎች የሚለቁት ፍሳሽ የአንጎልን የመከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል። ነጭ የደም ሴሎችም ከደም ሥር እየወጡ ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ። በደምና በአንጎል መካከል ያለው ጥብቅ አጥር ይላላል፤ አንጎሉ ያብጣል። ሐኪሞች መቆጣት ወይም ብግነት የሚሉት ይህ ነው። እሳት ሊያጠፉ የመጡ ጎረቤቶች በጥድፊያ ደኅናውን ግድግዳ ጭምር እንደሚያፈርሱ፣ ሊያድን የመጣው የሰውነት ኃይል በሕይወት የቀረውን ክፍል ይጎዳል። ነገር ግን ያው ኃይል ኋላ ፍርስራሹን የሚያጸዳውና ጥገናውን የሚጀምረው ስለሆነ ጨርሶ ማፈን መዘዝ አለው። ነጭ የደም ሴሎችን ለማገድ የተሠራ ኤንሊሞማብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ሲታወቅ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት ይልቅ ተጎድተው ተገኝተዋል።

ስትሮክ ለአገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በከባድ ስትሮክ ተመትተው ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ አልጋ ላይ ቆዩ፤ መንግሥቱም በእንደራሴና በሹክሹክታ ተያዘ። በዚያ ዘመን የዓለም ሐኪም ሁሉ ቢሰበሰብ ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አልቴፕሌዝ የተባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚጠቅም ታወቀ፤ በ2008 ወሰኑ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተዘረጋ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት የታወቀ ሕክምና ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅትም አልቴፕሌዝን በ2019 ለስትሮክ መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ መዝግቦታል። ሆኖም ሁሉም በሲቲ ስካን በር የሚገቡ ናቸው። ደም እየፈሰሰበት ላለ አንጎል የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት መግደል ነውና። ስለዚህ ዛሬ ዱስ ላይ በስትሮክ የሚመታ ሰው የሚያገኘው ሕክምና ከ100 ዓመት በፊት ምኒልክ ካገኙት ብዙ የሚርቅ አይደለም።

አንጎልን ከጉዳት ስለሚጠብቅ መድኃኒት የሚደረገው ምርምር እኛን ከማንም በላይ የሚመለከተን ለዚህ ነው። ሲቲ ስካን በግማሽ ሰዓት ለሚያገኝ ሰው እንዲህ ያለው መድኃኒት በነበረው ላይ የሚጨመር ነው። ለዱስ ሰው ግን ያለው ብቸኛ ነገር ይሆናል። ደም ረጋም ፈሰሰም የማይጎዳ፣ በጤና ኬላ ሊቀመጥ የሚችል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልትሰጠው የምትችል መድኃኒት ቢገኝ፣ ከዱስ እስከ ጂንካ ያለው መንገድ የሚገድለውን ያህል አይገድልም ነበር።

ምርምሩ እስከ ዛሬ ብዙ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ቆጠራ 1,026 የስትሮክ ሕክምናዎች በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ መሞከራቸውን አሳይቷል። ወደ ሰው የተሻገሩት 114 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኤንኤክስዋይ-059 የተባለው መድኃኒት በአንድ ትልቅ ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በ2007 ከ3,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተው ሁለተኛ ሙከራ ተስፋውን አጠፋው። በአይጥ የሠራ በሰው ለምን እንደሚከሽፍ መናገር አይከብድም። የላብራቶሪው አይጥ ወጣትና ጤነኛ ነው፣ መድኃኒቱንም በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል። ሰውየው ግን አረጋዊ ነው፣ ግፊትና ስኳር አለበት፣ የሚደርሰውም ከሰዓታት በኋላ ነው።

ሰዓቱን ለመቅደም የሞከሩ አሉ። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ማግኒዚየም በአምቡላንስ ውስጥ ለ1,700 ሕሙማን ተሞክሮ፣ በ2015 የወጣው ውጤት መድኃኒቱ እንዳልጠቀመ አሳየ። ይሁንና ምስል ሳይነሣ በመንገድ ላይ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል አስመስክሯል። በቻይና በ2024 ውጤቱ የታወቀው ሌላ ሙከራ ደግሞ ከ2,400 በላይ ሕሙማንን ይዞ በአምቡላንስ ውስጥ የደም ግፊት ማውረድን ፈተነ። ደም የፈሰሰባቸው ተጠቀሙ፣ ደም የረጋባቸው ግን ተጎዱ። ምስል በሌለበት ቦታ የምንፈልገው መድኃኒት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ከሁሉ ልቤን የሳበው ግን መድኃኒት ያልሆነ ነገር ነው፤ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው የግፊት መለኪያ። ክንድን ለ5 ደቂቃ አጥብቆ ይዞ ለ5 ደቂቃ መልቀቅ፣ ይህንም መደጋገም፣ ሰውነት አንጎልን ከደም እጦትና ከመቆጣት የሚጠብቅበትን ኃይል ይቀሰቅሳል የሚል ሐሳብ አለ። በቻይና 55 ሆስፒታሎች 1,800 ገደማ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2022 በወጣው ውጤት፣ ሕክምናውን ካገኙት 67 በመቶ፣ ካላገኙት 62 በመቶ ከሦስት ወር በኋላ በደኅና ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል። በ2023 ከዴንማርክ የወጣ የ1,500 ሰዎች ሙከራ ግን ጥቅም አላየበትም። ነገሩ ገና አልተቋጨም፣ ማንም በቤቱ ሊሞክረው አይገባም። እንዲህ ያለውን ርካሽና ቀላል ዘዴ ለመፈተን ግን ከእኛ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነው? የጂንካና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ክፍልም ጭምር፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ እጃቸውን ቢያወጡና «ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቦታ ይሠራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ለአገራቸው ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ከሲቲ ስካን ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ ሁሉ ይጠይቁለታል።

ያው መለኪያ በተሠራለት ሥራም ቢሆን አንጎልን ይጠብቃል። ለስትሮክ ቀዳሚው መንስኤ የደም ግፊት ነው። የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ ከአንድ አራተኛ በላይ እንደሚቀንስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ማንም የነርቭ መጠበቂያ መድኃኒት እስከ ዛሬ ይህን ያህል አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ግፊት ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ካልተለካ አይታወቅም።

«አርብቶ አደሩ ግፊት አያውቀውም» የሚሉኝ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። በ2020 በወጣ ጥናት፣ ከኦሞ በታች ጎረቤቶቻችን ከሆኑት ቱርካናዎች መካከል በቀድሞ አኗኗራቸው የሚኖሩት ጤናቸው መልካም ሆኖ ሲገኝ፣ ወደ ከተማ የገቡት ግን ግፊትም ውፍረትም እየጨመረባቸው ነበር። ደቡብ ኦሞም እየተለወጠ ነው። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከተሠራ ወዲህ ወንዙ እንደ ድሮው ደለል አይተውም፤ መንገዱ ዘይትና ስኳር፣ ጨውና አረቄ ይዞ ገብቷል። ዱስ ዛሬ ዝቅተኛ ግፊት ቢኖራት እሰየው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

የሚደረገውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። በደቡብ ኦሞ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን የታወቀ ነው፦ ቱርሚ ሰኞ፣ ዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ጂንካ ቅዳሜ። በገበያው ዳር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መለኪያ፣ የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገር አንድ ባለሙያ ይበቃል። ክንድን ሳያስደግፉ፣ ከፀሐይና ከሸክም ሳያሳርፉ መለካት ሐሰተኛ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ ሰውየው ለ5 ደቂቃ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛው ላይ ይረፍ፤ ሁለቴም ይለካ። ግፊት የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በየወሩ እዚያው ገበያ ላይ ያግኝ። የግፊት መድኃኒት የሚቋረጠው አንዳንዴ በቸልታ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ በመንገድ ርዝመት ነው።

ሌላም አለ። በአገራችን በጉልምስናቸው በስትሮክ ከሚመቱት አንዳንዶቹ ልጅ ሳሉ በጉሮሮ ሕመም የተነሣ ልባቸው የተጎዳ ናቸው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ መቆጣት በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ የልብ በርን ሊጎዳ ይችላል፤ በተጎዳው ልብ ውስጥ የረጋ ደም ኋላ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ለአንድ ሕፃን በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን የጎልማሳ አንጎል ይጠብቃል።

ምግባችንም ድርሻ አለው። በጋናና በናይጄሪያ የተካሄደው በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት አረንጓዴ ቅጠል አዘውትሮ አለመመገብን ከስትሮክ አጋላጮች መካከል ቆጥሮታል። እኛ ደግሞ ሽፈራው፣ በደቡቡ ክፍል ብዙዎች ሃለኮ የሚሉት፣ በደጃችን አለን። የአገራችን ተመራማሪዎች ቅጠሉ በአይጦች ላይ ግፊት እንደሚያወርድ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ስንቱን መድኃኒት እንዳስቀረ አይተናልና ቅጠሉን እንብላ፣ ክኒኑን ግን አንተው። ሃለኮ በሰው ላይ በወጉ እንዲፈተንም እንጠይቅ።

ስትሮክ ሲደርስስ? አፉ ወደ አንድ ጎን የሄደ፣ አንድ ክንዱ የወደቀበት፣ ንግግሩ የተወላገደ ሰው ስታዩ «ምች ነው» ብላችሁ እስኪያልፍለት አትጠብቁ። ውኃም ወተትም በአፉ አትጨምሩ፤ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ሳንባው ይገባል። ደም እየፈሰሰበት ሊሆን ስለሚችል አስፕሪን አትስጡት። በጎኑ አስተኙት፤ ደኅና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ያዙ፤ ፈጥናችሁም ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

የደቡብ ኦሞ ዞን ጤና መምሪያና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የገበያ ቀኑን ልኬት በዚህ ዓመት ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲያስገቡ፣ ተመራማሪዎቻችንም ዱስን ከጥናታቸው ካርታ እንዳያስቀሩ እጠይቃለሁ። አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ ከመጪው ቅዳሜ በፊት ግፊታችሁን ተለኩ፤ አባትና እናታችሁንም አስለኩ።